የእንየው ጥርስና የጓዳው በር

እንየውን ያመመው ጥርሱ ነበር፤ ቤተሰቡ ግን ከመስከረም እስከ ኅዳር ጋኔን ሲያስወጣለት ከረመ። ነገሩ ይኸው ነው። ጩኸቱም፣ የጠዋት ጠዋቱ ጉዞም፣ ጉንጩ ላይ የወጣው እብጠትም ከዚህ አንድ ስህተት የመጡ ናቸው።

ስህተቱን የሠሩት ክፉ ሰዎች አይደሉም። የእንየው እናት ስሜነሽ እንጅባራ ከተማ፣ ከመናኸሪያው ብዙ በማይርቅ ሰፈር፣ ቤቷ ውስጥ ልብስ እየሰፋች የምትኖር ሴት ናት። ባሏ መሳፍንት አይሱዙ ስለሚነዳ አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ላይ ነው። ቤቱ የአማቷ የአቶ ቢሻው ነው። አቶ ቢሻው በጥር ወር በሚከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓል ከፊት የሚሰለፉ፣ ፈረስ አልገራ ያለው ሰው ሁሉ ከአዘናም ከአዲስ ቅዳምም እየሳበ የሚያመጣላቸው የታወቁ ሽማግሌ ናቸው።

እንየው ሰባት ዓመቱ ነው። አይናገርም። አራት ዓመት ሲሞላው ባሕር ዳር ያየው ሐኪም ኦቲዝም እንደሆነ ነግሯቸው ነበር። ያን ዕለት አቶ ቢሻው፣ "ስሙንስ ነገሩን፤ መድኃኒቱ የታለ?" ብለው ጠየቁ። የሚዋጥ መድኃኒት እንደሌለው፣ ልጁ እንደ አቅሙ መማርና ቤተሰቡም እሱን መረዳት እንዳለበት ሲነገራቸው ሌላ ወሬ አነሡ። ከዚያ በኋላ ቤቱ ውስጥ አንድ ልማድ ገባ። ማንም እንዲህ ይሁን ብሎ አልወሰነውም። እንግዳ የግቢውን ቆርቆሮ ሲያንኳኳ እንየው ወደ ጓዳ ይገባል፤ እጁ ላይ ከረሜላ ይደረግለታል፤ በሩ ይዘጋል። እንግዳው ከቆየ ከረሜላ ይጨመራል። በጣም ከቆየ ማር የተቀባ ዳቦ ይከተላል።

የልማዱ ክፋት መሥራቱ ነው። እንየው ዝም ይላል። እንግዳው በልቶ ጠጥቶ፣ መርቆ ይሄዳል። አቶ ቢሻውም የፈረሰኛው ቤት ስም ሳይነካ ዋለ ብለው ደስ ይላቸዋል።

ጥርስ መቦረሽ ግን አልነበረም። ስሜነሽ አንድ ሁለት ጊዜ ሞክራ ነበር። ብሩሹ ከንፈሩን ሲነካው ልጁ እሳት እንደነካው ሰው ጮኸ፤ ጎረቤት በአጥር በኩል ምን ሆናችሁ አለ፤ ተወችው። አቶ ቢሻውም የወተት ጥርስ መውለቁ ስለማይቀር ለምን ትጨነቂያለሽ አሏት። እሷም አመነቻቸው። የወተት ጥርስ ግን ይበሰብሳል። ሥሩ መግል ይይዛል፣ ያሠቃያል፣ ከሥሩ የሚመጣውንም ቋሚ ጥርስ ሊያበላሽ ይችላል። የሚናገር ልጅ "ጥርሴን አመመኝ" ይላል። እንየው ይህን የሚልበት ቃል አልነበረውም፤ ያለው እጁ ብቻ ነበር።

በእጁ ተናገረ። መስከረም ላይ ጉንጩን በጡጫ መምታት ጀመረ። የዳቦ ቅርፊት መብላት አቆመ። ከእናቱ የስፌት መኪና ሥር የሚወድቀውን ቁራጭ ጨርቅ እያነሳ እስኪቀደድ ያኝካል። የሚያቅፈውን ሰው ይገፈትራል። አቶ ቢሻው ይህ የልጁ ሥራ አይደለም፣ አንድ ነገር ሰፍሮበታል አሉ። በማግሥቱ ጠዋት ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው ጠበል ይዘውት ሄዱ። በማግሥቱም፣ በማግሥቱም። በእንጅባራ ብርድ ልጁ አልሄድ ሲል አያቱ ኪሳቸው ገብተው ከረሜላ ያወጣሉ።

ኅዳር ሲጋመስ ጠበል የሚያጠምቁት ቄስ ገብረ ማርያም አቶ ቢሻውን ወደ ጥግ ወሰዷቸው።

"አያ ቢሻው፣ ይህ ልጅ ግራ ጉንጩን ብቻ ነው የሚመታው" አሉ። "ቀኙን አንድ ቀን ሲነካው አላየሁም። ጋኔን እንዲህ ቦታ መርጦ የሚቀመጥ አይመስለኝም። አፉን ከፍታችሁ አይታችኋል?"

አላዩም ነበር።

"ጠበሉን አልከለክላችሁም። ሐኪሙንም የፈጠረው እግዜር ነው። ውሰዱት።"

ወሰዱት፤ አወሳሰዳቸው ግን ሌላ ጥፋት ሆነ። እዚያው ከተማ ውስጥ አንድ የጥርስ ክሊኒክ ሲደርሱ አቶ ቢሻው በቶሎ ይለቅ ብለው ነገሩን በእጃቸው አደረጉት። እሳቸው ራሱን ያዙ፤ ሁለት የክሊኒኩ ሠራተኞች እጆቹን፤ ስሜነሽ እግሮቹን። መብራቱ ዓይኑ ላይ በራ። ቀዝቃዛው ብረት አፉ ገባ። ስሜነሽ የልጇ እግር መጀመሪያ ሲራገጥ፣ ቀጥሎ ሲንቀጠቀጥ፣ በመጨረሻ እንደ እንጨት ሲደርቅ በመዳፏ ተሰማት። እንየው የባለሙያውን ጣት ነከሰው። ባለሙያው እንዲህ ዓይነቱን ልጅ እዚህ አናክምም ብሎ የሕመም ማስታገሻ ሰጥቶ አሰናበታቸው።

ከዚያ ቀን ወዲህ እንየው አፉ አጠገብ ማንኪያ እንኳ አላስደርስ አለ። በጠርሙስ ከሚጠጣው በቀር የሚገባለት ነገር አልነበረም። እናቱ ፊቱን ልታጥበው እጇን ስትዘረጋ ጥግ ይዞ ይደበቃል። ሸሚዙ ትከሻው ላይ ሰፋው፤ ስሜነሽ ሁለት ጊዜ አጠበበችው። በኅዳር መጨረሻ ግራ ጉንጩ አበጠ።

ልብስ ልታስጠብብ የመጣች አንዲት ደንበኛ የእህቷን ልጅ ዳንግላ ያለች የጥርስ ሐኪም እንዳከመችላት ነገረቻት፤ ያም ልጅ ኦቲዝም አለበት። ስሜነሽ ለማንም ሳትናገር በማግሥቱ እንየውን ይዛ ሚኒባስ ተሳፈረች።

ሐኪሟ ዮዲት ትባላለች። ወጣት ናት፤ ቶሎ ቶሎ ትናገራለች፤ ሰበብ ለሚደረድር ወላጅ ጆሮ የላትም። ያላትን ትዕግሥት ሁሉ ለልጆቹ ያስቀመጠችው ይመስላል። ስሜነሽ የእንየውን እጆች ጨምቃ ይዛ፣ ለትግል ተዘጋጅታ ነበር የገባችው።

"ልቀቂው" አለች ዮዲት።

"ይሮጣል፣ ዶክተር።"

"ይሩጥ። ክፍሉ ትንሽ ነው፤ የትም አይደርስም።"

ትልቁን መብራት አጠፋች። ነጭ ጋውኗን አውልቃ ሰቀለችው። ወለሉ ላይ ተቀምጣ ስሜነሽን ትጠይቃት ጀመር፤ ልጁን ዞር ብላም ያየችው አይመስልም። እንየው ክፍሉን ዞረ። የወንበሩን እግር ነካካ። ትንሽ ቆይቶ ከኪሱ ቁራጭ ጨርቅ አውጥቶ ማኘክ ያዘ። ሲያኝክ ዮዲት ካለችበት ሳትነሳ በትንሽ ባትሪ አፉን አየችው። ደግማ አየችው። በቃ።

"በግራ በኩል የታች መንጋጋ ጥርሶቹ ተቦርቡረዋል። የአንደኛው ሥር መግል ይዟል። ጉንጩን የሚመታው ስለሚያመው ነው። ከረሜላ ማነው የሚሰጠው?"

ስሜነሽ አንገቷን ደፋች። "ሁላችንም። እንግዳ ሲመጣ ዝም እንዲል ነው።"

"ያን ጊዜ የት ነው የሚሆነው?"

"ጓዳ።"

"ስለዚህ ለእንግዳ ብላችሁ የልጁን ጥርስ አስበላችሁት።"

ስሜነሽ ልትቆጣ ፈልጋ ነበር። "አሁን ምን ላድርግ?" አለች።

ዮዲት ከዚያ በኋላ የተናገረችው ለስሜነሽ ብቻ የሚሆን አይደለም፤ እንዲህ ያለ ልጅ ያለው ቤት ሁሉ ቢሰማው ይጠቅመዋል። እንየውን የመብራቱ ብርሃን፣ ሽታው፣ የብረቱ ድምፅና ቅዝቃዜው እኛን ከሚሰማን በላይ ይሰማዋል፤ ሲጮኽ ባለጌ ሆኖ አይደለም። በጉልበት የተያዘ ልጅ የሚማረው መፍራትን ነው። አሁን የመግሉን መድኃኒት በለመደው ጠርሙስ ይውሰድ። ከረሜላ ዛሬ ይቁም። ጠዋትና ማታ ብሩሹ ይቅረበው፤ መጀመሪያ እጁን፣ ከዚያ ጉንጩን፣ ከዚያ ከንፈሩን ይንካው፤ እምቢ ሲል ይቁም፤ በማግሥቱ ይቀጥል። በየሳምንቱ ዳንግላ ይምጣ፣ ምንም ሳይደረግለት ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ይሂድ። እብጠቱ ወደ ዓይኑ ከወጣ፣ ትኩሳት ከያዘው ወይም መዋጥ ካቃተው ግን ቀጠሮ የለም፣ በቀጥታ ሆስፒታል ነው። ይህ ሁሉ አልሆን ካለ ደግሞ ባሕር ዳር ሄዶ በማደንዘዣ ተኝቶ ይታከማል፤ እሱም ሕክምና ነው፣ የሚያሳፍር ነገር የለውም።

"ጥርሱ ከማመሙ በፊት ብታመጪው ኖሮ" አለች ዮዲት በሩ ላይ፣ "ዛሬ ይህን ሁሉ አልነግርሽም ነበር።"

ማታ አቶ ቢሻው ሰሙ፤ ሳቁም። "ሐኪም ቤት ድረስ ሄዶ አፉን ሳይከፍት የተመለሰ በሽተኛ ገና ዛሬ አየሁ" አሉ።

የመጀመሪያው ሳምንት ሳቃቸውን ትክክል አስመሰለው። መድኃኒቱ እብጠቱን አጎደለለት፤ ብሩሹ ግን ከጉንጩ አላልፍ አለ። ከንፈሩን ሲነካው እንየው ይጮኻል። ስሜነሽም ትዕግሥት የተረፋት ሴት አልነበረችም። ደንበኛ በር ላይ ይጠብቃታል፣ ክር ይበጠስባታል፣ ልጁ ይሸሻታል። አንድ የታኅሣሥ ጠዋት፣ ሣሩ አመዳይ መትቶት እንደነጣ፣ ብሩሹን ከበርሜሉ ውኃ ነክራ በግቢው ልጇን ስታሳድድ አማቷን አየቻቸው። አቶ ቢሻው ፈረሳቸው ፊት ቆመው የልጓሙን ብረት ጋቢያቸው ውስጥ፣ ብብታቸው ሥር ይዘውታል። በአገውኛ ቀስ ብለው ፈረሱን ያወሩታል። ለፈረስ የሚያወሩት ሁልጊዜም በአገውኛ ነው።

"አባባ፣ ብረቱን ለምንድን ነው የሚያሞቁት?" አለች።

"ምን ጥያቄ ነው? አመዳይ የመታው ብረት አፉ ውስጥ ብከትበት ሁለተኛ አፉን ይሰጠኛል?"

ይህን ብለው ወደ እጇ አዩ። ከብሩሹ ላይ የበርሜሉ ውኃ ይንጠባጠባል። 

"ያን ወዲህ በይው" አሉ። ብሩሹን በመዳፋቸው ጨብጠው ያዙት። "ልጓም ያልለመደ ፈረስ አንድ ቀን ብረቱን ታስሸትተዋለህ፤ አንድ ቀን ከንፈሩን ታስነካዋለህ። የቸኮለ ሰው ፈረሱን ለዕድሜ ልኩ ያበላሸዋል። ይህም ያው እንደ ፈረስ ነው።"

"አይደለም፣ አባባ" አለች ስሜነሽ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። "ፈረስ ቢሆንማ ጓዳ አንዘጋበትም ነበር።"

ምራት ለአማቷ እንዲህ አትናገርም። አቶ ቢሻው ግን አልተቆጡም። ፈረሱ በአፍንጫው ጋቢያቸውን ይገፋል፤ እሳቸው መዳፋቸው ውስጥ ያለውን ብሩሽ ያያሉ።

"ስንቱን ፈረስ ታግሻለሁ" አሉ በመጨረሻ። "እሱን አንድ ቀን አልታገስሁትም። ራሱን ይዤ ለብረት ሰጠሁት።"

ከዚያ ጠዋት ጀምሮ ብሩሹ ለብ ባለ ውኃ እየተነከረ የሚመጣው በአቶ ቢሻው እጅ ሆነ። ከእንየው አጠገብ መሬት ላይ ይቀመጣሉ። በአገውኛ ያጉተመትማሉ፤ ልጁ ቃሉን ባይሰማም ድምፁን ወደደው። ብሩሹን ያሸተዋል፣ ይጥለዋል፣ ያነሳዋል። አንድ ቀን ራሱ ወደ አፉ አስገብቶ አኘከው። ስሜነሽ ልትሮጥ ስትል አማቷ በእጃቸው ተዪው አሏት። የገና በዓል ሳይደርስ የፊት ጥርሶቹን አስነካ፤ ብሩሹንም በየሄደበት ይዞ ይዞር ጀመር። ዳንግላም መንገዱን ለመደ። ወንበሩ ወደ ላይ ሲወጣና ሲወርድ ማጨብጨብ ጀመረ፤ ዮዲት ትንሿን የጥርስ መስታወት እጁ ላይ ትታለት የራሱን አፍ ሲያይባት ይውላል።

ከረሜላው ቀረ። በሩ ግን አልቀረም። እንግዳ ሲመጣ እንየው አሁንም ጓዳ ይገባል፤ ልዩነቱ ከረሜላ የለውም፣ በሩም ሲደበደብ ይሰማል። አቶ ቢሻው ድምፁን እየሰሙ ወሬ ይቀይራሉ።

ጥር ሃያ ላይ እብጠቱ ተመለሰ። ዮዲት በስልክ፣ ልጁ አሁን ለምዷል፣ ጥርሱም ከዚህ በላይ መቆየት የለበትም፣ ከነገ ወዲያ ጠዋት አምጪው አለቻት። ከነገ ወዲያ ጥር ሃያ ሁለት ነው፤ የፈረሰኞቹ በዓል ዋዜማ። አቶ ቢሻው ቤት ከየወረዳው ፈረሰኛ የሚሰበሰብበት ቀን።

"በዓሉ ይለፍ" አሉ።

"መግሉ በዓል አያውቅም፣ አባባ።"

ትክክል እንደሆነች ያውቃሉ። "እሺ። በጓሮ በር ውጡ" አሉ። "እንግዶቹ ማለዳ ነው የሚመጡት።" ስሜነሽም እሺ አለች።

ጥርሱ ጥር ሃያ ሁለት ረፋድ ላይ ተነቀለ። ድዱ መጀመሪያ በቅባት ደነዘዘ፣ ቀጥሎ መርፌው ተሰጠው። እንየው አለቀሰ፣ ነገር ግን እጁን የያዘው ሰው አልነበረም፤ መስታወቷን በሁለት እጁ ይዞ ነበር። ከሳምንት በኋላ የዳቦ ቅርፊት በላ። ጉንጩን መምታቱም ቆመ። ከመስከረም ጀምሮ ሲፈለግ የነበረው ጋኔን ከጥፍር የማይበልጥ የተቦረቦረ ጥርስ ሆኖ ተገኘ። ልጅህ አይናገርም ማለት አያመውም ማለት አይደለም። ልማዱ በድንገት የተለወጠ፣ መብላት የተወ፣ ራሱን የሚመታ ልጅ ካለህ ስም ከማውጣትህ በፊት አፉን አሳይ። ዝምታውንም በስኳር አትግዛ።

ይህ ታሪክ የሚያልቀው ግን በዳንግላ አይደለም። የሚያልቀው በዚያው ዕለት ማለዳ፣ ወደ ዳንግላ ከመሄዳቸው በፊት፣ እንጅባራ፣ አቶ ቢሻው ሳሎን ውስጥ ነው።

የፈረሶቹ ኮቴ ግቢው ውስጥ ሲሰማ ስሜነሽ ሳታስበው እንየውን ወደ ጓዳ አስገባችው። ነጠላዋን እስክትለብስ ነው ብላ ለራሷ ነገረችው። እጇ መቀርቀሪያው ላይ አርፎ ሳለ አየችው። የሌላ ሰው እጅ አልነበረም፤ የራሷ ነበር። በሩን ከፈተች፣ የልጇን እጅ ያዘች፣ ወደ ጓሮው በር አልዞረችም። በሳሎኑ መሐል ሄደች።

ሳሎኑ በፈረሰኞች ተሞልቷል። እንየው ብዙ ሰው ሲያይ እንደሚያደርገው እጆቹን አርገበገበ፣ ረጅም ድምፅ አወጣ። ወሬው ቆመ። ከአዘና የመጡት አቶ ደርበው፣ የአቶ ቢሻው የልጅነት ጓደኛ፣ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ።

"ቢሻው፣ ይህ ማነው? የልጅ ልጅ አለህ እንዴ? በየዓመቱ ስንመጣ አላየነውም።"

ስሜነሽ አማቷን አየች። መልሱ በአፏ ነበር፤ ዋጠችው።

አቶ ቢሻው ተነሡ። "የመሳፍንት ልጅ ነው፤ እንየው ይባላል" አሉ። "ያላያችሁት ስትመጡ ጓዳ ስለምዘጋበት ነው። ኦቲዝም የሚሉት ነገር አለበት፤ አይናገርም። ዛሬ ዳንግላ ጥርሱ ሊነቀል ነው። እኔም አብሬው እሄዳለሁ።"

"እኛንስ? ፈረሱንስ?"

"አንተ ቤቱን ታውቀዋለህ፤ አስተናግድልኝ። ፈረሱን ማታ ደርሼ አየዋለሁ። በዓሉ ነገ ነው።"

አቶ ደርበው ልጁን ከላይ እስከ ታች አዩት። "እኔ ጥርሴን ስነቀል አህያ እንኳ አልሸኘኝም" አሉ። ሰዎቹ ሳቁ። አቶ ደርበውም ፈቀቅ ብለው መንገድ ለቀቁለት።

እንየው ግን ከሳሎኑ በር አላልፍ አለ። የእናቱን እጅ ወደ ኋላ ይጎትታል። አቶ ቢሻው ገባቸው፤ ብሩሹን ጓዳ ውስጥ ረስቷል። ራሳቸው ወደ ጓዳው ተመልሰው ገቡ፤ በሩም በራሱ ገጠመ። ያ ሁሉ ዓመት በሩን ሲዘጉ ኖሩ እንጂ በሩ ተዘግቶ ውስጡ ምን እንደሚመስል አይተው አያውቁም ነበር። ጨለማ ነው። የድንች ጆንያ፣ አንድ ዱካ፣ በግድግዳውና በጆንያው መሐል የተወሸቀ የከረሜላ ወረቀት ክምር። ልጁ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አጣጥፏቸዋል።

ብሩሹን ከዱካው ላይ አነሡ። በመዳፋቸው ጨብጠው ወጡ፤ በሩንም ከኋላቸው ዘጉት። ውስጥ ማንም አልነበረም።